ግራ እጃችን የሚያውቀውን መንጃ ፈቃዱ ያውቃል?

የወደቅኩት መንጃ ፈቃድ ባወጣሁ በሦስተኛው ቀን ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ከቦሌ መድኃኔዓለም ወደ 22 እየሄድኩ ሳለ ከፊቴ ያለው ሚኒባስ ውስጥ አንዱ «ወራጅ አለ» ብሎ መሰለኝ፣ ሚኒባሱ ያለ ምንም ምልክት ጥግ ይዞ ቀጥ አለ። እኔም ለሳምንታት የተማርኩትን ሳላስብ አደረግኩ። ሁለቱንም እጄን ጨመቅኩ፣ በተለይ ግራውን እስከ መጨረሻው።

በተማርኩበት ሞተር ላይ ይህ ትክክል ነው። ግራ እጅ ፍሪሲዮን ነው፤ ሞተሩ እንዳይጠፋ ስትቆሙ እስከ መጨረሻው ይጨመቃል። በዚያች ሰዓት የተቀመጥኩት ግን ከአጎቴ ልጅ ጋር ተዋጥተን በገዛናት የኤሌክትሪክ ስኩተር ላይ ነበር። እሷ ላይ ግራ እጅ የኋላ ፍሬን ነው። የኋላው ጎማ ቆለፈ፣ እርጥቡ አስፋልት አንሸራተተን፣ እኔ ወደ አንድ በኩል እሷ ወደ ሌላ በኩል ሄድን።

ከጉልበቴ መላጥና ከአንድ ስፖኪዮ በቀር የደረሰ ነገር የለም። ያነሳኝ የፓርኪንግ ልጅ ልብሴን እያራገፈልኝ «ለመሆኑ መንጃ ፈቃድ አለህ?» አለኝ። አለኝ። ገና ትኩሱን ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር። ካርዱ ላይ «ሞተር ሳይክል» ይላል፣ በቃ። የትኛው ዓይነት ሞተር እንደሆነ የሚናገር ነገር የለውም።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ ጉልበቴ ለማልቀስ አይደለም። ከእኔ ውድቀት በኋላ ነገሩን ሳጠያይቅ የባሰ ታሪክ ሰማሁ።

የጓደኛዬ ነገር

የሰፈሬ ልጅ ነው፤ ስሙን ባልጠራው ይሻላል። እሱ የእኔ ተቃራኒ ነው። ልምምዱንም ፈተናውንም የጨረሰው በአውቶማቲክ ስኩተር ነው። ቀላል ነበር ይላል፤ ቀኝ እጅህን ትጠመዝዛለህ ትሄዳለህ፣ ሁለቱን እጅህን ትጨምቃለህ ትቆማለህ። ካርዱ ግን ከእኔ ካርድ ጋር አንድ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የዴሊቨሪ ሥራ አገኘ። ቀጣሪው መንጃ ፈቃዱን አየ፣ ፎቶ ኮፒ አደረገ፣ ማርሽ ያለው ሞተር ቁልፍ ሰጠው። ልጁ ሥራ ፈላጊ ነው፤ «ይህን አልነዳም» ቢል ከኋላው የተሰለፈው ሌላ ሰው እንደሚወስደው ያውቃል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሰፈር ውስጥ ለውስጥ ተለማመደና ሰኞ ሥራ ገባ።

በሁለተኛው ሳምንት ቁልቁለት ላይ አንዲት መኪና ከፊቱ ስትቆም ግራ እጁን ጨመቀ። ስኩተሩ ላይ ፍሬን የነበረው እጅ ማለት ነው። አሁን ግን ፍሪሲዮን ነው። ፍሪሲዮን ሲጨመቅ ሞተሩ ከጎማው ይለያል፤ ቁልቁለት ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ሞተሩ አጥብቆ ይዟችሁ የነበረው ሁሉ ይለቃችኋል። ፍሬን ይዣለሁ ብሎ ሲያስብ ጭራሽ ፍጥነት ጨመረ። የመኪናዋ የኋላ መብራት ተሰበረ፣ መከላከያዋ ተጣመመ። ሰው አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የጥገናው ወጪ ግን ከደሞዙ በየወሩ ተቆረጠ፣ ተቆርጦ ሳያልቅ ደግሞ ሥራውን ለቀቀ።

እኔ ፍሪሲዮን ብዬ ፍሬን ያዝኩ። እሱ ፍሬን ብሎ ፍሪሲዮን ያዘ። ሁለታችንም ሕጋዊ መንጃ ፈቃድ ኪሳችን ውስጥ ነበር።

ልዩነቱ ያለው የት ነው?

ሞተር ነድቶ ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላብራራ። ማርሽ ያለው ሞተር፣ ማለትም በየክልል ከተማው የምናየው ቦክሰሩ፣ ቲቪኤሱ፣ ሁለት እጅና ሁለት እግርን ሁሉ ሥራ ያስይዛል። ቀኝ እጅ ነዳጅ ይሰጣል፣ የፊት ፍሬንም ይይዛል። ቀኝ እግር የኋላ ፍሬን ይረግጣል። ግራ እግር ማርሽ ይቀይራል። ግራ እጅ ፍሪሲዮን ይይዛል። ጀማሪን የሚያስለቅሰው ይህ የመጨረሻው ነው። ቶሎ ከለቀቃችሁት ሞተሩ ይዘላል ወይም ይጠፋል፤ በተለይ ዳገት ላይ፣ በተለይ ከኋላችሁ አንድ ሲኖትራክ ክላክስ ሲያደርግ።

አውቶማቲክ ስኩተር ላይ ሁለቱም እግሮች ሥራ ፈት ናቸው። ቤንዚን የሚጠቀመው ዓይነት ውስጥ ቀበቶና ስፋታቸው የሚለዋወጥ ሁለት ፑሊዎች አሉ። ፍጥነት ሲጨምር ቀበቶው ራሱ ቦታውን እያስተካከለ የማርሽን ሥራ ይሠራል፤ ፍሪሲዮኑም በሽክርክሪቱ ኃይል ራሱ ይይዛል፣ ራሱ ይለቃል። በኤሌክትሪኩ ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ያለው የኋላ ጎማው ውስጥ ስለሆነ የሚቀየር ማርሽ ጭራሽ የለም።

«ስኩተር» የሚለው ስም ራሱ ግን ሊያሳስተን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1946 ጣሊያን ውስጥ የወጣችው ቬስፓ ስኩተር ናት፤ ግን ማርሽ ነበራት፣ የሚቀየረውም የግራ እጅ መያዣውን በመጠምዘዝ ነው። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1958 የተጀመረችውና በ2017 ምርቷ 100 ሚሊዮን የደረሰው የሆንዳ ሱፐር ካብ ማርሿ በእግር ይቀየራል፤ የሚጨመቅ ፍሪሲዮን ግን የላትም። ስለዚህ መለያው ቅርጹ አይደለም፣ ስሙም አይደለም። መለያው ግራ እጅ ላይ ያለው መያዣ ሥራው ምንድን ነው የሚለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት የመንጃ ፈቃድ መመሪያም ማንዋል ሞተር የሚለው ሲነሱ፣ ሲቆሙና ማርሽ ሲቀይሩ በእጅ የሚሠራ ፍሪሲዮን ያለውን ነው። መስመሩ የተሰመረው ልክ እኔ የወደቅኩበት ቦታ ላይ ነው ማለት ነው።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

በአውሮፓ ኅብረት አገሮችና በብሪታንያ የሞተር ፈተናውን በአውቶማቲክ ያለፈ ሰው መንጃ ፈቃድ ያገኛል፤ ግን ካርዱ ላይ 78 የሚል ቁጥር ይጻፍበታል። ትርጉሙ «አውቶማቲክ ብቻ» ነው። ለንደን ወይም ሮም ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ ካርዳችሁን ገልብጡና ከጀርባው ያለውን የመጨረሻውን ዓምድ እዩ፤ ቁጥሩ ካለባችሁ እዚያ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ይህን ገደብ ለማስነሳት ፈተናውን ማርሽ ባለው ሞተር እንደገና መውሰድ ያስፈልጋል።

ጃፓን በአውቶማቲክ ብቻ የተወሰነ የሞተር መንጃ ፈቃድ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2005 ነው። እዚያም ካርዱ ላይ ገደቡ ይጻፋል። በኋላ ማርሽ ያለውን መንዳት ያማረው ሰው ግን ከዜሮ አይጀምርም፤ የተወሰነ ሰዓት ተጨማሪ ልምምድ ወስዶና ተፈትኖ ገደቡን ያስነሳል።

ህንድ ደግሞ ምድቡን ከመጀመሪያው ለሁለት ትከፍለዋለች፤ ማርሽ የሌለው ሞተርና ማርሽ ያለው ሞተር። ማርሽ የሌለው ሆኖ ከ50 ሲሲ የማይበልጥ ከሆነ አንድ ልጅ በ16 ዓመቱ በወላጅ ፈቃድ ማውጣት ይችላል። ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። መንገዳችንን የሞሉት ባጃጅና ቲቪኤስ የህንድ ብራንዶች ናቸው። ሞተሩ የመጣበት አገር ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ በመንጃ ፈቃዱ ላይ ጽፎታል።

ሦስቱም መንገድ በአንድ ነገር ይስማማሉ። በአውቶማቲክ የተገኘ መንጃ ፈቃድ ግማሽ መንጃ ፈቃድ ወይም የሰነፍ መንጃ ፈቃድ አይደለም። ሙሉ መንጃ ፈቃድ ነው፣ ስለ ባለቤቱ እውነቱን እስከተናገረ ድረስ። የጓደኛዬ ካርድ እውነቱን ቢናገር ኖሮ ቀጣሪው ያን ቁልፍ ባልሰጠው፣ ወይም ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግልጽ በሆነ ነበር።

ካርዱ ምልክት ነው

ኢኮኖሚክስ ስማር ከማረኩኝ ሐሳቦች አንዱ የማይክል ስፔንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ሥራ ገበያ ምልክቶች ባሳተመው ጽሑፍ ያነሳው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ቀጣሪ የሠራተኛን ችሎታ በዓይኑ ማየት አይችልም፤ ስለዚህ የሚታይ ምልክት ይፈልጋል፤ ዲግሪ፣ ሰርተፍኬት፣ ፈቃድ። በ2001 ለዚህ ሥራው ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ።

መንጃ ፈቃድ እንዲህ ያለ ምልክት ነው። ቀጣሪው የጓደኛዬን ግራ እጅ ማየት አይችልም፤ ማየት የሚችለው ካርዱን ነው። ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች አንድ ዓይነት ካርድ ሲያገኙ ምልክቱ ይደበዝዛል። ምልክት ሲደበዝዝ ኪሳራ ይመጣል፤ ጥያቄው ኪሳራውን ማን ይከፍላል የሚለው ነው። መልሱን ከላይ አይታችሁታል። ካርዱን የሰጠው አልከፈለም፤ ቁልፉን የሰጠው አልከፈለም፤ ከደሞዙ የተቆረጠበት ልጅ ከፈለ። በገበያ ውስጥ የጎደለ መረጃ ዋጋ ብዙውን ጊዜ የሚወርደው አቅም በሌለው ላይ ነው።

ሁለተኛው ሒሳብ የወጪ ነው። ሞተር መማር የማሰልጠኛ ክፍያ ብቻ አይደለም። ለልምምድ የምትሄዱበት ቀን ሥራ ያልሠራችሁበት ቀን ነው። በቀን ገቢ ለሚኖር ሰው አንድ ሳምንት ተጨማሪ ፍሪሲዮን መለማመድ አንድ ሳምንት ያልተበላ ምሳ ነው። ሥራውን በኤሌክትሪክ ስኩተር ብቻ ለመሥራት የወሰነ ልጅ የማይነካውን ፍሪሲዮን እንዲማር ማስገደድ ለማይጠቀምበት ዕቃ ማስከፈል ነው። በዚያ ላይ እኔ ላይ እንደሆነው የማይጠቀምበት ልማድ እጁ ላይ ተተክሎ ይቀራል።

ዕቃው ወዴት እየሄደ ነው?

ይህ ሁሉ የአንድ ሰሞን ጉዳይ ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ለተወሰኑ ተሽከርካሪዎች ብቻ እያደረገ ለሌላው ቀስ በቀስ ማንሳት የጀመረው በሐምሌ 2014 ዓ.ም ነው። በጥር 2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አሳወቁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ፣ ነዳጁም መለዋወጫውም፣ በብር ሲታሰብ ዋጋው ሰማይ ነካ። እያንዳንዱ እርምጃ በየራሱ የሚያከራክር ነው። ሲደመሩ ግን አንድ ወጣት ሞተር ሊገዛ ሲያስብ ሶኬት ላይ የሚሰካውን እንዲያይ ይገፉታል።

አየሩም ያግዛል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ቤንዚን የሚያቃጥል ትንሽ ሞተር ከጉልበቱ በዚያው ልክ ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና ይህ አይነካውም። ዳገታም ከተማ ውስጥ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ስለዚህ ወደፊት መንገድ ላይ የምናየው ሞተር ፍሪሲዮን የሌለው እየሆነ ይሄዳል። ግን የክልል ከተሞች፣ የገጠር መንገዶች፣ የመሥሪያ ቤት ሞተሮች ገና ለረጅም ጊዜ ማርሽ ያላቸው ሆነው ይቆያሉ። ሁለቱ ዓይነት ጎን ለጎን የሚኖሩበት ዘመን ረጅም ነው። አደገኛውም ይህ መሀል ላይ ያለው ዘመን ነው፤ አንድ ሰው ጠዋት በአንዱ፣ ከሰዓት በሌላው የሚሄድበት።

«ማርሹን የቻለ ሁሉንም ይችላል»

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳነሳ የሚመጣው የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው። ከባዱን ተማር፣ ቀላሉ ራሱ ይመጣል። አሰልጣኜም የሚለው ይህንኑ ነበር። እውነት ለመናገር የአውሮፓም፣ የጃፓንም፣ የህንድም ሕግ በዚሁ ይስማማል፤ ማርሽ ባለው የተፈተነ ሰው አውቶማቲኩን ያለ ጥያቄ ይነዳል።

እኔ የወደቅኩት ግን ሕጉ ሁሉ በሚፈቅደው አቅጣጫ ነው። ከከባዱ ወደ ቀላሉ ስሄድ ነው የወደቅኩት። ምክንያቱም ጉዳዩ የክብደትና የቅለት አይደለም። ጭንቅላት ሁለቱን መለየት ይችላል፤ ችግር ሲመጣ ግን የሚሠራው ጭንቅላት አይደለም፣ እጅ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። «ይቺ ስኩተር ናት፣ ግራው ፍሬን ነው» ብሎ ለማሰብ አንድ ሰከንድ ከወሰደበት ሚኒባሱ ሥር ገብቷል።

ከፍሬኑ ሌላም የሚለወጥ ነገር አለ። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ስትወርዱ ማርሽ ያለው ሞተር በሁለተኛ ማርሽ ራሱ አጥብቆ ይይዛችኋል። ስኩተር እንደዚያ አይዝም፤ ሥራው ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። የኤሌክትሪኩ ደግሞ ድምፅ የለውም። ቆሞ ሳለ የጠፋ ይመስላችኋል፤ ሳታስቡት ቀኝ እጃችሁን ብትጠመዝዙ ተፈትልኮ ይሄዳል። እግረኛም ሲመጣባችሁ አይሰማም። እነዚህን ማርሽ ያለው ሞተር አያስተምርም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። «አውቶማቲክ ብቻ የሚል ምልክት ብትጽፉበት ድሃው ልጅ ርካሹን ወስዶ ተቆልፎ ይቀራል፤ ነገ ቦክሰር የሚያስነዳ ሥራ ሲያገኝ ተመለስ ይባላል» የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። ብሪታንያ እንደምታደርገው ፈተናውን ሙሉ በሙሉ መድገም ከሆነ መንገዱ፣ እኛ አገር ገደቡ እስር ቤት ይሆናል። ሰው ደግሞ እስር ቤቱን በሕጋዊ መንገድ አይወጣም፤ በሌላ መንገድ ይወጣል። ስለዚህ የጃፓኑ መንገድ ይሻለናል። ምልክቱ ይጻፍ፣ ግን ማስነሳቱ አጭርና ርካሽ ይሁን።

ምን ቢደረግ?

የእኔ ሐሳብ ሦስት ነው፤ ሦስቱም አዲስ መሥሪያ ቤት አይጠይቁም።

አንደኛ፣ ፈተናው በምን ዓይነት ሞተር እንደተወሰደ ካርዱ ላይ ይጻፍ። አንድ ቃል ነው። ለቀጣሪም፣ ለትራፊክ ፖሊስም፣ ለራሱ ለባለቤቱም ይጠቅማል።

ሁለተኛ፣ በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ማርሽ ያለውን ለመንዳት ሲፈልግ ከቲዎሪ ጀምሮ አይድገም። የመንገድ ምልክት፣ የቅድሚያ ሕግ፣ ርቀት መጠበቅ አልተለወጠም። የተለወጠው ግራ እጅና ሁለት እግር ነው። ለእነሱ የሚሆን ጥቂት ሰዓት ልምምድና አጭር ፈተና ይበቃል። ከማርሽ ወደ አውቶማቲክ ለሚሄደውም ቢያንስ አንድ ሰዓት ስኩተር ላይ ተቀምጦ በድንገት ማቆምን ይለማመድ። ያቺ አንድ ሰዓት ብትኖረኝ ስፖኪዮ ባልገዛሁ።

ሦስተኛ፣ ፈተናው የሚለካው ነገር ሕይወት የሚያድነው ነገር ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ሪፖርቱ በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት፣ ከእነዚህም 21 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ሞተር ላይ የነበሩ እንደሆኑ ይናገራል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ላሉት፣ ማለትም ለእኔና ለብዙዎቻችሁ፣ አንደኛው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ ነው። እነዚህ ሰዎች የሞቱት በአብዛኛው ዳገት ላይ ሞተር ስለጠፋባቸው አይደለም። በድንገት ማቆም፣ በዝናብ መታጠፍ፣ የሚኒባስን ሐሳብ ከጎማው ማንበብ፣ ሄልሜትን አጥብቆ ማሰር፤ እነዚህ በሁለቱም ዓይነት ሞተር ላይ እኩል ያስፈልጋሉ። እኔ ስፈተን በኮን መካከል መጠማዘዜ ታይቷል፣ ሞተሩ አለመጥፋቱ ታይቷል። በ40 ፍጥነት ድንገት «ቁም» ያለኝ ግን የለም። መጀመሪያ ያለኝ ያ ሚኒባስ ነው።

የአዲስ አበባ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም ጀምሮ ፈቃድ የሌላቸው ሞተሮች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ሲከለክል የተሰጠው ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ወንጀል ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ሞተር የምናወራው አብዛኛው ነገር ስለ መከልከልና መፍቀድ ነው፤ ማን ይግባ፣ ማን አይግባ። የገባው ሰው መንዳት ይችላል ወይ፣ የትኛውን ይችላል የሚለው ጥያቄ ወደ ጎን ቀርቷል። እኔ ይህን ጥያቄ ወደ መሀል መልሱት ነው የምለው።

እስከዚያው

ሕግ እስኪስተካከል እናንተ ነገ ጠዋት ሞተር ላይ ትወጣላችሁ። ስለዚህ ከወደቀ ሰው ጥቂት ምክር።

የትኛውን ልማር ብላችሁ ከተጨነቃችሁ ጥያቄው «የትኛው ይከብዳል» አይሁን። «በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት የማንን ሞተር ነው የምነዳው» ይሁን። የራሳችሁ የኤሌክትሪክ ስኩተር ካላችሁና ሥራችሁ በእሷ ከሆነ በእሷው ዓይነት ብትለማመዱ አታፍሩ። ተቀጥራችሁ የሰው ሞተር የምትነዱ ከሆነ፣ ወይም ከአዲስ አበባ ውጭ የምትሠሩ ከሆነ፣ ማርሹን ተማሩ፤ ቁልፉን የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁም።

የማታውቁት ሞተር ቁልፍ ሲሰጣችሁ ሳትነሱ ቁጭ ብላችሁ ግራ እጃችሁን አሥር ጊዜ ጨምቁና ሥራውን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። «ፍሬን» ወይም «ፍሪሲዮን»። ሰው ይሳቅ። ከዚያ መኪና በሌለበት ቦታ በትንሽ ፍጥነት ተነሥታችሁ በድንገት መቆምን ደጋግማችሁ ሞክሩ። አንድ ቅዳሜ አይበቃም።

ቀጣሪ «ትችላለህ አይደል?» ወይም «ትችያለሽ አይደል?» ሲላችሁ «በስኩተር ነው የተማርኩት፣ ሁለት ቀን ስጡኝ» ማለት ውርደት አይደለም። ጓደኛዬ ያችን ዓረፍተ ነገር ባለመናገሩ የከፈለውን አውቃለሁ። ሠራተኛ የምትቀጥሩም ይህን ካነበባችሁ ካርዱን ፎቶ ኮፒ ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «በምን ተፈተንክ?» ነፃ ነው፣ አምስት ሰከንድ ነው።

ሄልሜትን አልደግመውም ብዬ ነበር፤ ግን ልድገመው። ያው የዓለም ጤና ድርጅት በትክክል የታሰረ ሄልሜት በሞት የመለየትን አደጋ ከስድስት እጥፍ በላይ ሊቀንስ እንደሚችል ይናገራል። መሪው ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት የሚያድነው መሪውን ነው።

እኔ አሁን ስኩተሯን እየነዳሁ ነው። ግራው መያዣ ላይ ቀይ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ጠቅልዬበታለሁ፤ ሳየው «ይህ ፍሬን ነው» እንዲለኝ። የአጎቴ ልጅ መጀመሪያ ሳቀብኝ። ባለፈው ሳምንት የጎረቤት ቲቪኤስ ተውሶ ሲመለስ ግን ምንም ሳይናገር ኪዮስክ ሄዶ ሌላ ፕላስተር ገዛ። የእሱ ሰማያዊ ነው።